የሳሎናችንን ግድግዳ በባትሪ ያዩት ሰው

የዚያን እሑድ ሳሎናችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ባለቤቴ ሞላ፤ ልጃችን ትርንጎ፣ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፤ የሞላ አጎት ቄስ አዱኛ፣ ከቅዳሴ እንደወጡ መጥተው ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ፤ ጎረቤቴ እናኑ ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ተከራይቶ ይኖር የነበረው መምህር ደሳለኝ፤ ከእስቴ ስንዴ ሊገዙ መጥተው እኛ ዘንድ ያደሩ ሁለት ነጋዴዎች፤ እኔ፤ በመጨረሻም አያ ጌጡ።

ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ዛሬ የት እንዳለ የማላውቀው አንዱን ብቻ ነው። ቄስ አዱኛ አርፈዋል፣ የተቀበሩበትን አውቃለሁ። መምህር ደሳለኝ ወደ ንፋስ መውጫ ተዛውሯል፣ በዓል ሲሆን ይደውላል። ነጋዴዎቹም በመኸር ጊዜ ብቅ ይላሉ። የአያ ጌጡ ስልክ ግን ይኸው ስንት ጊዜ ዝግ ነው። እኔም መደወሌን አልተውኩም። እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ይህን የምጽፈው እሳቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው ያነበው ይሆናል ብዬ ነው።

አያ ጌጡ ሬዲዮ ሠሪ ነበሩ። ወገዳ ገበያ ውስጥ ከወፍጮ ቤቱ ጎን አንድ በር ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። ሬዲዮ፣ ዲሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ የማይሠራ የስልክ ቻርጀር፣ ሁሉም እዚያ ይከመራል። ወፍጮው ሲነሣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸውም ንግግራቸውን ያቆማሉ። ወፍጮው ዝም ሲል ካቆሙባት ቃል ይቀጥላሉ። ሰው መሀል ላይ ሌላ ወሬ ቢያመጣ እንኳ አይሰሙትም፤ የተቋረጠችውን ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ነው ወደ እሱ የሚመለሱት።

በልጅነታቸው ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ሄደው ድጓ ተምረዋል። ለምን እንደተውት ሲጠየቁ «ድምፄ ሲሄድ ጆሮዬ ቀረ» ይሉ ነበር፤ ከዚህ የተረፈውን አይናገሩም። ጆሯቸው በእውነት ቀርቷል። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ሲያስቡ ደግሞ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያሉ ይመታሉ፣ ማኅሌት ላይ መቋሚያ እንደሚመታ። ጣቶቹ ከቆሙ ነገሩን አግኝተውታል ማለት ነው።

ወደ እሳቸው የሄድነው በትርንጎ ምክንያት ነው።

ትርንጎ ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ ደካማ ነው። ያልወሰድናት ቦታ የለም፤ ጸበልም ሐኪም ቤትም። መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር ያያት ሐኪም መነጽር ሰጣትና መነጽሩ የሚረዳት እስከተወሰነ ድረስ መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ማድረግ የሚቻለው የምታየውን ነገር ማተለቅ ብቻ እንደሆነ ነገረን። እኔ ከዚያ በኋላ ልጄን ሳያት የማስበው ይህንኑ ነበር። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አታይም፤ ስልክ ስትይዝ አፍንጫዋ ይነካዋል። መምህር ደሳለኝ ትምህርቱን በቪዲዮ ፍላሽ ላይ ጭኖ ሊሰጣት ፈቃደኛ ነበር፤ ግን በምን ታየው? በዚህ ከቀጠለች ትምህርቱን ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። እኔ ለምን እንዳቋረጥኩ አውቃለሁ፤ የሷ በዚህ ምክንያት እንዲሆን አልፈለግሁም።

ሞላ መጀመሪያ ያሰበው ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት አንድ የምናውቀው ሰው ከባሕር ዳር ያስመጣው ሰፊ ቴሌቪዥን ወገዳ ሲደርስ፣ ካርቶኑ ምንም ሳይሆን፣ መስተዋቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ተገኘ። መንገዳችንን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ሞላ ያን ካየ በኋላ ፕሮጀክተር የሚባል ነገር አለ፣ ግድግዳው ራሱ ቴሌቪዥን ይሆናል፣ ብሎ መጣ። የቱን እንግዛ ብለን አያ ጌጡን ጠየቅናቸው።

እሳቸው የዕቃ ስም አልጠሩልንም። «መጀመሪያ ቤታችሁን ልየው» አሉ። ይህ ልማዳቸው ነው፤ ዲሽ ልግዛ ብሎ ለሚመጣም ሰው ቤትህን ጠይቅ ነው የሚሉት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጡ። አያውልቁ እያልኳቸው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ከዚያ ሳሎኑ ውስጥ ባለው ወንበር ሁሉ ላይ በየተራ ተቀመጡ። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ትርንጎ ከትምህርት ቤት በስንት ሰዓት እንደምትመጣ ጠየቁኝ። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። ኮርኒሳችን የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ድመት ስትሄድበት ይረግባል፤ ምንም ነገር አይንጠለጠልበትም አሉ። ቀጥለው ስንት ጊዜ ወደ ጓዳ እንደምመላለስ ሲጠይቁኝ ሳቅሁ።

«ኧረ ማን ቆጥሮት፣ አያ ጌጡ።»

«እንግዲያ ዛሬ ቁጠሪ። ያ ተራው ፕሮጀክተር ከኋላ ሆኖ በሰው አናት ላይ ነው ብርሃኑን የሚወረውረው። አንቺ ባለፍሽ ቁጥር ፊልሙ የአንቺ ጥላ ይሆናል።»

ሞላ ይህን ሲሰማ፣ እሷ ከሆነችማ ፊልሙ አያልቅም አለ። አያ ጌጡ ለቀልድ ፈገግ የሚሉት ዘግይተው ነው፤ ሌላ ነገር ማውራት ከጀመርን በኋላ ብቻቸውን ሳቁ።

ያን ቀን ያደረጉትን አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ትርንጎን ጠርተው ከወንበሩ ላይ አስቀመጧትና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ምን ምን እንዳለበት እንድትነግራቸው ጠየቋት። ልጅቷ ትንሽ ዓይኗን ጨፍና ገለጥ አደረገች። ከዚያ ተነሣችና ሄደች። አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ቀርባ ማንበብ ጀመረች። የአያ ጌጡ ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ሲመቱ ቆይተው ቆሙ።

«ይህች ልጅ ቁጭ ብላ አታይም» አሉን ቀስ ብለው። «ሄዳ ነው የምታየው። ብርሃኑ ከኋላዋ ከመጣ ልታየው የሄደችውን ነገር በገዛ ጥላዋ ትሸፍነዋለች። ከግድግዳው ሥር የሚቀመጥ፣ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚሰጥ ነው የሚያስፈልጋት።»

እኛ ስንት ዓመት ስናያት ኖረን ያላስተዋልነውን እሳቸው በአንድ ከሰዓት አስተዋሉት። እናት ነኝ፤ ትንሽ ቅር አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይህ ቅሬታ በኋላ ለተናገርኩት ነገር ሳይረዳኝ አልቀረም።

በሌላ ቀን ባትሪ ይዘው መጡ። መጋረጃውን ዝጉ አሉና መሬት ላይ ተንበርክከው ባትሪውን ከግድግዳው ሥር አስጠግተው ወደ ላይ አበሩት። እኔ ያን ግድግዳ በእጄ የመረግሁት ነኝ፤ ለጥ ያለ ነው ብዬ የምኮራበት። በዚያ ብርሃን ግን እብጠቱም ጉድጓዱም ጥላ አወጣ፤ የገደል አገር መሰለ። እሳቸው በከሰል በያንዳንዱ እብጠት ዙሪያ ክብ እየሠሩ፣ እንዲህ ያለው ፕሮጀክተር ብርሃኑን በጣም ከቅርብና ከሥር ስለሚሰጥ ትንሿ ጉብታ ሥዕሉን እንደምታጣምመው ነገሩኝ።

እናኑና እኔ ያን ግድግዳ እንደገና ሦስት ጊዜ ለሰንነው። በመጀመሪያው ጭዱ ጎላ ብሎ ወጣ። ለሁለተኛው ጭዱን አድቅቀን አፈሩን በወንፊት ነፋን፤ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። በሦስተኛው እናኑ ከእናቷ የተማረችውን፣ ጭቃው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ እየደጋገሙ ማሸት፣ ሠራንበት፤ ከዚያ ነጭ ቀባነው። አያ ጌጡ በየጊዜው ባትሪያቸውንና አንድ ቀጥ ያለ ጣውላ ይዘው ይመጣሉ። እናኑ አላስቻላትም።

«አያ ጌጡ፣ እርስዎ ግድግዳ ነው ወይስ ሙሽራ የሚመርጡት?»

«ሙሽራ ቢሆን ይህን ያህል ባልተቸገርኩ» አሉ፤ ባትሪውን ሳያነሡ።

ሞላ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ሲል ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ሰጡት። ጽሕፈታቸው የብራና መጽሐፍ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ። ሊዘነጋ የማይገባውን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉታል። ሞላ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። በአምፖል የሚሠራውን አትግዛ ይላል፤ አምፖሉ ሲያልቅ ወገዳም ደብረ ታቦርም አታገኘውም፤ በሌዘር የሚሠራውን ግዛ። ትርንጎ የምታየው በቀን ስለሆነ ሱቁ ውስጥ በር ከፍተው በቀን ብርሃን ያሳዩህ። ከግድግዳው ከአንድ ክንድ ሳይርቅ ሰው የሚያህል ሥዕል መስጠት አለበት። ሥዕሉን ትተህ ጽሑፍ አሳዩኝ በል፤ ሥዕል ያታልላል፣ የፊደል ጠርዝ አያታልልም፤ በአራቱም ማዕዘን ያለውን ፊደል እይ። ጆሮህን አስጠግተህ ድምፁን ስማ። መብራታችን ስለሚዋዥቅ ስታቢላይዘር አብረህ ያዝ። በቀይ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ሻጩ ቢቸኩል ተመለስ» ይላል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌዘር የሚለው ቃል ነው። ገበያ ላይ ልጆች የሚጫወቱባት ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ ሌዘር ናት፣ ዓይን ላይ እንዳታበሩ ይባላል። እኔ ደግሞ ደካማ ዓይን ያላት ልጅ አለችኝ። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ተነሥቼ ወደ ሱቃቸው ሄድኩና የልጄን ዓይን እንደማይጎዳው በታቦት እንዲምሉልኝ ለመንኋቸው። ወፍጮው ተነሥቶ ነበር። ዝም ብለው ጠበቁ። ወፍጮው ሲያቆም እንዲህ አሉኝ፦

«አልምልልሽም፣ እታለም። የማውቀውን ልንገርሽ። ግድግዳውን ስታይ የምታየው ግድግዳ ላይ ያረፈውን ብርሃን ነው፤ እሱ እንደማንኛውም ብርሃን ነው። ዕቃው ላይ ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን ማየት ግን የለባትም። ይህን ለራሷ እነግራታለሁ፤ አንቺም ንገሪያት። ከዚህ በላይ የማላውቀውን ሐኪሟን ጠይቁት።»

ሞላ ለሐኪሙ ደወለ፤ ሐኪሙም ያንኑ አለ። እኔ ግን ሌላው ሰው ሁሉ በቀላሉ ሲምልልኝ እሳቸው አለመማላቸው በሆዴ ቀረ። ያኔ አንድ ነገር የደበቁኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

ሞላ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጉልበቱ ላይ ታቅፎ ነው ያመጣው። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወገዳ ድረስ መኪናው በዘለለ ቁጥር አብሬው ዘለልኩ አለ። ሐሙስ ዕለት አያ ጌጡ መጥተው ከግድግዳው ሥር ባለው ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ወረቀት እያጠፉ ከእግሩ ሥር ይከታሉ፣ ያወጣሉ፣ ወደ ኋላ ጣት ያህል ያስጠጋሉ። እኔ ሻይ እያፈላሁ ነበር። እሳቸው ስለ አያያዙ ይነግሩኛል፣ እኔ ከጓዳ እሺ እሺ እላለሁ። ትርንጎ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታዳምጣለች።

ሲበራ መጀመሪያ የታየው መምህር ደሳለኝ ከሰጠን ፍላሽ ላይ የእንስሳት ትምህርት ነበር። አንዲት ላም በግድግዳው ሙሉ ቆመች። ትርንጎ እንደ ልማዷ ተነሥታ ሄደች። ጥላዋ ሥዕሉ ላይ አልወደቀም። ፊቷን ወደ ላሟ ፊት አስጠግታ ብዙ ቆየች።

«እማ» አለችኝ። «ላም ሽፋሽፍት አላት?»

እኛ ቤት ከብት ጠፍቶ አያውቅም። ልጄ ከላም ጋር ነው ያደገችው፤ ጥጃ አቅፋ አሳድጋ፣ ላም አልባ። ሽፋሽፍት እንዳላት ግን አላየችም ነበር። አያ ጌጡ ዞር ብለው መፍቻቸውን ይፈልጉ ጀመር፤ መፍቻው እጃቸው ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደ እሑዱ ልመለስ።

ሞላ ሰው ሰብስቦ ሊያሳይ ፈለገ። እኔም ለዚያ ቀን ዳንቴል ሠራሁ። እኛ ቤት ሬዲዮኑ ዳንቴል አለው፣ የውኃ ማሰሮው ዳንቴል አለው፤ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ እኔ አፍራለሁ። አቧራውም ያስፈራኛል። ሐሙስ ጀምሬ ቅዳሜ ጨረስኩት፤ ነጭ፣ ዳር ዳሩን ሰማያዊ፣ በአራቱም ጎን እስከ መደርደሪያው የሚወርድ። ብርሃኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ እንዳይጋርድ ከላይ አፉን ክፍት አድርጌ አስተካክዬዋለሁ። በዚህ ጥንቃቄዬ ኮርቼ ነበር። እናኑ ገና ስትገባ ዓይኗ እሱ ላይ ነው ያረፈው፤ ንድፉን እንድሰጣት ለመነችኝ። አያ ጌጡ ዘግይተው መጥተው ከኋላ፣ ከነጋዴዎቹ ጀርባ ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው መደርደሪያው አይታያቸውም።

ፊልሙ ጥሩ ሄደ። ቄስ አዱኛ እንኳ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። ትንሽ ቆይቶ ካውያ የቆየበት ልብስ ዓይነት ሽታ መጣ። ማንም ምንም ሳይል ግድግዳው ጥቁር ሆነ። አንደኛው ነጋዴ የወገዳ መብራት ነው ብሎ ሳቀ። የጓዳው አምፖል ግን እየበራ ነበር። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ትርንጎ ግድግዳው ሥር እንደቆመች ነበረች። የያዝነው ተስፋ ሁሉ በአራት ቀን ያለቀ መሰለኝ።

«አያ ጌጡ» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይህን ዕቃ ለእኛ ነው የመረጡት ወይስ ለሻጩ?»

ቄስ አዱኛ ተይ አንቺ ልጅ አሉ። ሞላ መሬት መሬት አየ። አያ ጌጡ ተነሥተው ወደ ፊት መጡ። ዕቃው ጥቂት ዕረፍት እንደሚፈልግ፣ ሰው ለጊዜው ወደ ግቢ ወጣ ቢል መልካም እንደሆነ በትሕትና ተናገሩ። ሰው ወጣ። እኔ ጓዳ ገብቼ በባዶ ድስት ላይ ክዳን አነሣለሁ፣ እከድናለሁ። ሳሎኑ ውስጥ እሳቸውና ትርንጎ ብቻ ቀሩ። ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ፤ ምን እንደተባባሉ ግን አልሰማሁም።

ተመልሼ ስገባ ዳንቴሉ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለሥራ ያነሡት መሰለኝ፤ በንዴቴ አንሥቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩትና መልሼ አላለበስኩትም። ትንሽ ቆይቶ ዕቃው በራ። እሳቸውም ግቢ ወጥተው፣ እኔ እየሰማሁ፣ ለሰው ሁሉ እንዲህ አሉ፦

«ጥፋቱ የእኔ ነው። መናገር ያለብኝን በደንብ አልተናገርኩም።»

ሰው ተመልሶ ገብቶ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየ። እሳቸው ለምሳ አልቆዩም።

እኔ ይህን እንደ እምነት ቃል ወሰድኩት። ጥፋተኛ ነኝ ብለው የለ፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ? ሰው ስለ እሳቸው ሥራ ሲጠይቀኝ ከንፈሬን እመጥጣለሁ፤ በራሳቸው አንደበት አምነዋል እላለሁ። ወገዳ ትንሽ ከተማ ናት። መምህር ደሳለኝ የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ለእሳቸው ሊሰጥ አስቦ ወደ ደብረ ታቦር ላከው። ሌላውም እንዲሁ። ቄስ አዱኛ አንድ ቀን መጥተው ያን ዕለት የሰውየውን ፊት አይቼው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁም አልኳቸው። «እኔ አይቼዋለሁ» ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

አያ ጌጡ ግን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንደ ወትሮው ቆመው ሰላም ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ትርንጎ ዛሬስ ምን አየች? እኔ ደህና ናት ብዬ አልፋለሁ። ለመልሱ ይጓጉ ነበር። ልጅቷ በየቀኑ አዲስ ነገር ታይ ነበር፤ የጉንዳን እግር፣ የሰው እጅ ላይ ያለ መስመር፣ የካርታ ላይ ወንዝ። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ቆሜ ብነግራቸው ምን ነበረበት?

በዓመቱ ከመስቀል በኋላ ሱቃቸው ተዘጋ። ታመዋል ብለን ነበር። በኋላ የቤቱ ባለቤት የመሣሪያ ሳጥናቸውንና አንድ ሻንጣ ይዘው መሄዳቸውን ነገረን። አሁን ክፍሏ ውስጥ ጫማ ይሸጥባታል።

እሳቸው በሄዱ በወሩ ገደማ ቤቴን ሳጸዳ ያን ዳንቴል አገኘሁት። አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና አለበስኩት። በማግስቱ ትርንጎ ትምህርቷን እያየች ግድግዳው ጠፋ። ያው ሽታ። እኔ መጮህ ስጀምር ልጅቷ ሄዳ እጇን በዕቃው ጎን አስገባች።

«እሳት ሆኗል፣ እማ። ልብሱን አንሺለት። በጎኑ ነው የሚተነፍሰው።»

ማን እንደነገራት ጠየቅኋት። አያ ጌጡ ሐሙስ ዕለት ነግረዋታል፤ ለእኔም ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ከጓዳ እሺ ብያለሁ። እሑድ ደግሞ ሰው ሲወጣ ዳንቴሉን ሲያነሡ አይታለች። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም አልኳት።

«አትንገሪ አሉኝ። እናትሽ በእንግዳ ፊት ማፈር የለባትም አሉኝ። ከዚያ ደግሞ አንቺ መልሰሽ አላለበስሽውም፤ ረሳሁት።»

ዳንቴሉን አነሣሁት። ዕቃው እስኪበርድ ድረስ ሁለታችንም አጠገቡ ቁጭ አልን። እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል፤ አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እፈልጋቸዋለሁ። ለቄስ አዱኛ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ታመው ነበር፤ ሰምተው ሲጨርሱ ሰውየውን ፈልጊው፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ንገሪው አሉኝ። ወደ ቤተ ልሔም በሚሄድ ዲያቆን መልእክት ላክሁ። እንደዚህ ያለ ሰው መጥቶ ሁለት ሳምንት ያህል ሰንብቶ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ሠርቶ ሄዷል የሚል መልስ መጣ። ወዴት እንደሄዱ የጠየቃቸው የለም።

ከዚያ እኔ ራሴ ትርንጎን ይዤ መካነ ኢየሱስ ሄድኩ። ያለ ሞላ መኪና ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር፤ መንገዱን በሙሉ የልጅቷን እጅ እንደጨበጥኩ ነው የደረስኩት። የሬዲዮ ሠሪ ሱቅ የተባለውን ሁሉ በየተራ ገባን። አራተኛው ላይ አንድ ወጣት ሠራተኛ፣ ዕቃውን ሳይከፍቱ በጆሯቸው የሚያዳምጡት ሰውዬ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ናቸው አልኩና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከእሱ ጋር ጥቂት ወራት ሠርተዋል። ብዙ አስተምረውታል። ክረምቱ ሊገባ ሲል ተሰናብተውት ሄደዋል፤ ወደ ጋይንት በኩል መሰለኝ አለ፣ እርግጠኛ ግን አልነበረም። ስለ ወገዳ ያወሩ ነበር ወይ ስለው፣ ስለ አንዲት ልጅ ያወሩ ነበር አለኝ። በዚያ ክረምት መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትዎርኩም ብዙ ጊዜ ጠፋ። ሲከፈትም አንድም ወሬ አልመጣም።

ትርንጎ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን አልተወችም፤ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ግድግዳው ሥር ቆማ ስታነብ ጓዳ ሆኜ እሰማታለሁ፤ አንዳንዴ አዲስ ነገር ስታገኝ ማንበቧን አቁማ ትጠራኛለች። ያኔ ማን ቢሰማት ደስ እንደሚላት አውቃለሁ።

ያን ቃል የተናገርኩት በሰው ፊት ነው። የነበሩትን ሰዎች ስም ከላይ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ሁሉም እንዲያውቁት። አያ ጌጡ አላጠፉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለእናኑ ነግሬያታለሁ፣ ለመምህር ደሳለኝ በስልክ ነግሬዋለሁ፣ ነጋዴዎቹም ሲመጡ ሰምተዋል። የቀሩት የነገሩ ባለቤት አያ ጌጡ ብቻ ናቸው።

ዕድሜያቸው ስልሳ ገደማ ይሆናል። ቀጭን ናቸው፤ ሲሄዱ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላሉ፤ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። በጋይንትም፣ በእስቴም፣ በደብረ ታቦርም፣ በሌላም ቦታ አይቻቸዋለሁ የሚል ሰው ካለ፣ በሕይወት መኖራቸውንና ያሉበትን ብቻ ይላክብኝ። ወገዳ ገበያ፣ እህል ነጋዴው ሞላ ቤት ብሎ የጠየቀ ያገኘናል።